የጎረቤት ጎዶሎ

መርካቶ ምናለሽ ተራ ስደርስ ከዓይኔ አፍንጫዬ ቀደመ። የጋለ ቆርቆሮ፣ የተቃጠለ ጎማ፣ የቀለጠ እርሳስ፣ ከሁሉም በላይ የከሰል ጭስ። የሄድኩት ለእህቴ የምጣድ አክንባሎ ልገዛላት ነበር። ከግራም ከቀኝም መዶሻ ይወርዳል፤ ሻጭና ገዢ የሚስማሙት በጩኸት ነው። አንዱ የበርሜል ክዳን ያቃናል፣ ሌላው የመኪና ጎማ በቢላዋ ይበልታል፣ ወዲያ ያለው ልጅ የጎበጠ ሚስማር እየለቀመ ያቀናል። እኔ ግን ዋጋ መጠየቁን ትቼ ቆምኩ። ያ ሽታ ዕድሜዬን ወደኋላ ጠቅልሎ፣ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ታች በሚወርደው ጠባብ የጭቃ መንገድ አሳልፎ፣ ጎረቤታችን ደጅ ወሰደኝ።

ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሙሉ ስማቸውን የሰማሁት ዕድር ላይ ስም ሲጠራ ነው። ቤታቸውና ቤታችን አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ መዶሻቸው፣ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ የምሰማው ሳላቸው ነበር። ደጃቸው ላይ የባሕር ዛፍ ጉቶ አለ። እሱ ላይ ይቀመጡና ጉልበታቸው ላይ የጆንያ ቁራጭ ዘርግተው ባዶ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ያገላብጣሉ። መቀሱ ቆርቆሮውን ሲቆርጥ የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያጠርሳል። ከዚያ የጋለው ብረት እርሳሱን ሲነካው "ጭስስ" ይላል፤ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ ይነሳል፤ ጣሳው አንገት ያወጣል፤ ከአሮጌ ነጠላ የተገመደ ክር ይገባበታል፤ ኩራዝ ይሆናል። እኛ ልጆች ያቺን "ጭስስ" ለመስማት ብለን ሥራው እስኪያልቅ ከደጃቸው አንነሳም ነበር።

የያኔውን የሰፈራችንን ጨለማ ዛሬ ለሚያድግ ልጅ ማስረዳት ያስቸግራል። የራሱ ቆጣሪ ያለው ቤት ጥቂት ነው። ባለቆጣሪው ለጎረቤት አንዲት አምፖል ይቀጥልና በየወሩ ያስከፍላል፤ ሊተኛ ሲል ማብሪያውን ይዘጋል፣ ግማሹ ሰፈር አብሮ ይጨልማል። ፈተና የደረሰበት ተማሪ፣ ሌሊት የሚያለቅስ ሕፃን ያላት እናት፣ ለነገ ጠላዋን የምታጠልል ሴት ከዚያ ሰዓት በኋላ ያላቸው ኩራዝ ብቻ ነው። የላምባው ሽታ ከልብስ አይለቅም። ጠዋት ስንናፈጥ የሚወጣው ጥቁር ነበር። ለሚኒስትሪ ፈተና ያጠናሁት በዚያ ብርሃን ነው።

ጋሼ ይህን ጨለማ ከሰው አፍ አልሰሙትም። ግድግዳው ስስ ነው፤ አምፖላችን ሲጠፋ እናቴ በዳበሳ ክብሪት ስትፈልግ፣ ጀሪካን ስትመታ፣ ስታማርር ሁሉ ይሰማቸዋል። ቀደም ሲል የሚተዳደሩት አውቶቡስ ተራ ዕቃ በመሸከም ነበር። ወገባቸው እምቢ ሲላቸው ቤት ዋሉ። ጊዜው ከ1977ቱ ድርቅ ማግስት ነው፤ የባዕድ ፊደል የታተመበት የእርዳታ ዘይት ቆርቆሮ መርካቶ ውስጥ በየጥጉ ይሸጣል። አንድ ቀን እናቴ ከወዲህ ሆና "ኧረ ጋሼ፣ ይቺ ጣሳ እጀታ ቢኖራት ምን ነበረበት፣ እጄን ጨረሰችው!" አለች። ምሬት ነው፤ ሥራ ማዘዟ አልነበረም። ሲመሽ ጣሳዋ እጀታ አውጥታ መጣች። በሳምንቱ የማዶዋ ጎረቤታችን የራሷን ጣሳ ላከች፤ ቀጥሎ ጠላ ሻጯ፤ ቀጥሎ የቀበሌው ሱቅ ዘበኛ።

እዚህ ላይ ልቤ ይቆማል። ዛሬ ወጣቶቻችን ሥራ ፈጠራ ሲሠለጥኑ አያለሁ፤ ደስ ይለኛል፤ ሥልጠናውም ይብዛ እላለሁ። ግን ብዙዎቹ ሲናገሩ መጀመሪያ የሚያነሱት ገንዘብን ነው፤ ቀጥሎ ከሌላ አገር የሰሙትን ሐሳብ። ጎረቤት መጨረሻ ይመጣል፣ እሱም "ገበያ" ተብሎ። ጋሼ ዘንድ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነበር። የሰው ጎዶሎ በግድግዳ በኩል ወደ ጆሯቸው መጣ፤ እጃቸው መልስ ሰጠ፤ ዋጋው ኋላ ተነጋገሩበት። ለሚያውቁት ሰው ስለሚሠሩ የኩራዛቸው ስፌት አያፈስም። ቢያፈስ ላምባው የሚፈሰው የሚያውቁት ልጅ ደብተር ላይ ነው።

ገንዘቡስ? የመጀመሪያውን ደህና መቀስና የብየዳ ብረት የገዙት በዕቁብ ነው። የግል ንግድ በሕግ ጣሪያ በተበጀለት በዚያ በደርግ ዘመን እንደ እሳቸው ላለ ሰው በሩን የሚከፍት ባንክ አልነበረም። ዕጣው የወጣው ለጠላ ሻጯ ነበር። እሷም በሰው ሁሉ ፊት "ቅድሚያ ለእሳቸው፤ የኔ ምድጃ ተቦርቡሮ አልቋል፣ እሱን ይሠሩልኛል" ብላ ተራዋን ለቀቀችላቸው። ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር አደንቃታለሁ። መያዣም ውልም አልጠየቀችም፤ ሰውየውን ታውቃቸዋለች፣ ሥራቸውን አይታዋለች፣ ምድጃውም ያስፈልጋታል። ይህን ሦስቱን በአንድ ጊዜ የሚያውቅ አበዳሪ ከጎረቤት ሌላ ከየት ይገኛል?

በሥራቸው ሁሉም እየተጠቀመ፣ ዞር ሲሉ "ቀጥቃጭ" የሚል አልጠፋም። የቆየ በሽታችን ነው። ማረሻ የሚያበጅልንን፣ ምጣድ የምትሠራልንን፣ ጋቢ የሚሸምንልንን ሰው ቡዳ ነው፣ ጠይብ ነው እያልን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ባለእጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ነገሩ የቤተ መንግሥት ጉዳይ እስከ መሆን ደርሶ ነበር ማለት ነው። ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ብዙ ትውልድ ኖሮ እኔም ደርሼበታለሁ። እናቴ ያንን ቃል ቤቷ ውስጥ ማንም እንዲያነሳው አትፈቅድም ነበር፤ "መብራታችሁን ማን ሠራላችሁ?" ትላለች ዓይኗን አፍጥጣ። የሰውን ችግር በእጁ የሚፈታ በሚናቅበት አገር ስንት ብልሃት ከባለቤቱ ጋር እንደተቀበረ ሳስብ ያንገበግበኛል።

ኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ ጋሼ ሸበቱ፤ ላቀች መጣ። ላቀች ምድጃ በ1980ዎቹ የኬንያውን የሸክላ ጅኮ መነሻ አድርጎ ለእኛ ድስትና ጀበና እንዲመች ተደርጎ የተሠራ ነው። ውስጡ ሸክላ፣ ውጪው ቆርቆሮ፤ ከተለመደው የብረት ምድጃ ጋር ሲተያይ ሩብ ያህል ከሰል ያተርፋል። በከሰል ጣሳ ስፍር ኑሮዋን ለምትቆጥር ሴት ሩብ ትልቅ ነገር ነው። ንድፉ ከመሥሪያ ቤት ወጣ፤ ወደየቤቱ ያስገባው ግን ቆርቆሮውን የሚቀጠቅጠውና ሸክላውን የሚያቃጥለው ሰው ነው። ጋሼ አንዱን ገዝተው አመጡ፤ ፈታቱት፤ ለሁለት ቀን ከጎኑ አልተነሱም። ከዚያ በኋላ ለጠላ ሻጯ የሠሩትን ላቀች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲለኩሱ እናቴ ከሰሉን በእጇ እየቆጠረች ስታስገባ ዛሬም ይታየኛል። ምርጥ የተባለው የእንጀራ ምድጃ ደግሞ በዚያው ዘመን መጣ። ከሲሚንቶና ከፑሚስ ድንጋይ የሚቀረጽ ነው፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እሱንም ወደ ገበያ ያወጡት የትንንሽ ወርክሾፕ ባለቤቶች ናቸው።

ማገዶ የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ሕመሟ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ከተማዋ በዙሪያዋ ያለውን ደን ጨርሳ፣ ምኒልክ ሁሉን ትተው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወሩ እዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ከውጭ መጣ፣ ፈጥኖ አደገ፣ ሰው በየጓሮው ተከለው፤ እንጨት መሸጥም መተዳደሪያ ሆነ። ሸክሙ ግን በመጨረሻ ያረፈው እንጦጦን በሚወጡና በሚወርዱ እናቶች ጀርባ ላይ ነው። የሰፈራችን ጠዋት የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ይሸት ነበር፤ ያ ጭስ የማን ወገብ እንደሆነ ቅጠሉን ተሸክማ በራችንን የምታንኳኳውን ሴት ያየ ያውቃል። አንድ ችግር ሲፈታ ሌላ ሰው ላይ እንዳይጫን ማየት ከሥራው እኩል የሚያስፈልግ ነገር ነው።

ሰፈራችን አውቶቡስ ተራን ተጠግቶ የኖረ ሰፈር ስለሆነ ኑሮው ሁሉ ከመንገደኛ ጎዶሎ የተቀዳ ነበር። ክፍለ ሀገር የሚሄደው አውቶቡስ ሊነጋጋ ሲል ይነሳል፤ ከሩቅ የመጣ ሰው ማታውን የት ይደር? ቤቱ አንድ ክፍል የሆነው ሰው መደብ አከራየ። ልጆቹ ወደ ቆጥ ወጡ። መንገደኛው ይርበዋል፤ ወጥ ቤት የለውም፤ የቀን ሠራተኛውም እንደዚያው። የእናቴ ጓደኛ እትዬ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት፣ ለራሳቸው የጋገሩትን እንጀራ አንድ ማታ ለአንድ የወሎ ሰው ሸጡ። እንባ ይዟቸው ነበር፤ እንጀራ መሸጥ ያኔ የጨነቀው ሰው ሥራ ነው የሚባለው። ዓመት ሳይሞላ ሌሊት ሊጡን የሚያቦኩላቸው ሁለት ልጃገረዶች ቀጠሩ። በር ላይ የሚንጠለጠለውን መሶባቸውን ከሩቅ አይቶ የሚመጣ ደንበኛ ነበራቸው።

ያ እንጀራ ዛሬ ባሕር ተሻግሯል። ጤፍ በእህልነቱ ከአገር እንዳይወጣ በተከለከለባቸው ዓመታት እንኳ የተጋገረው እንጀራ በአውሮፕላን ወደ አረብ አገርና ወደ አሜሪካ ይጫን ነበር። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ባሉ የሀበሻ ሱቆች በላስቲክ ታሽጎ መደርደሪያ ላይ ይደረደራል። ገዢው ደግሞ ያው ሰው ነው፤ ከቤቱ የራቀ፣ ምጣድ የሌለው፣ ሥራ ውሎ የገባ። እትዬ ያዩት መንገደኛ መንገዱ ረዘመ እንጂ ሌላ ሰው አልሆነም።

ስለ ቦኖው ውሃ ብዙ አልልም፤ በጀሪካን ተራ ያልተጋፋ የእኔ ዘመን የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ስለ ጭቃው ግን አንድ ነገር ልበል። ያኔ ክረምት ሲገባ መንገዳችን ጫማ ይውጥ ነበር፤ ሬሳ ሲወጣ ተሸካሚዎቹ ይንሸራተታሉ፤ ታክሲ ነፍሰ ጡር ለመውሰድ እንኳ አይገባም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኮብልስቶን ሲመጣ ነዋሪው ገንዘብ አዋጣ፣ የሰፈሩ ሥራ ፈት ወጣቶች ድንጋዩን ጠረቡ፣ ራሳቸው አነጠፉት። ዲግሪ ይዞ ድንጋይ ይጠርባል ተብሎ ብዙ ተወራ። የተማረ ልጅ ሌላ ሥራ ማጣቱ ያሳዝናል፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን እናቱ የምትሄድበትን መንገድ ያነጠፈ ልጅ አንገቱን የሚደፋበት ምክንያት አይታየኝም።

የተናቀ ሥራና የጎረቤት እጅ ነገር ወደ ዘነበወርቅ ሰፈር ይወስደኛል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል የተሠራው እዚያ ነው፤ የሥጋ ደዌ ማገገሚያና ማሠልጠኛው አለርት የተቋቋመውም በዚያው ግቢ በ1958 ዓ.ም. ነው። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡት ሰዎች ሲድኑም የትውልድ ቀያቸው አልቀበል ስላላቸው ዙሪያውን ሰፈሩ። ይፈትላሉ፣ ይሸምናሉ፣ የቀናው ይሸጣል፣ ያልቀናው ይለምናል። ቤተልሔም ጥላሁን ያደገችው እዚያ ነው። በ1997 ዓ.ም. ግድም ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅቷን ስትጀምር የያዘችው ሁለት ነገር ነበር፦ ሥራ ያጣው የጎረቤቶቿ እጅና አገር ሁሉ የሚያውቀው በረባሶ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ተቆርጦ የሚሠራውን በረባሶ ገበሬውም አርበኛውም ተጫምቶታል፤ የድኻ ጫማ ተብሎ የሚናቅ ነበር። እሷ ያንኑ ሶል በእጅ ከተፈተለ ጥጥ ጋር አዋሕዳ የዓለም ገበያ አደረሰችው። ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዝናዋ ነው። እኔን የሚነካኝ ግን መነሻዋ ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይዞ በሚያልፍበት ሰፈር ውስጥ የተካነ ሸማኔና ፈታይ ታያት፤ ጎረቤቶቿ ስለሆኑ።

ከዚያው ሰፈር ጎን ቆሼ አለ። የከተማዋ ቆሻሻ ለአሥርት ዓመታት የተከመረበት ተራራ። ከላዩ ላስቲክ፣ ብረት፣ ጠርሙስ ለቅመው የሚኖሩ ብዙ ነበሩ፤ ቆራሌው ከየደጃችን የሚሰበስበውና እነሱ የሚለቅሙት ተገናኝቶ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። ይህም ከችግር የወጣ እንጀራ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተራራው ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለዚህ "ችግርን ወደ ዕድል መለወጥ" ሲባል ስሰማ ቆሼን ሳላስብ አላልፍም። ጋሼ በሠሩት ኩራዝ የሰፈሩ ጨለማ በዚያው ልክ ቀነሰ። ለቃሚዎቹ ግን ቢለቅሙ ቢለቅሙ ተራራው ያድጋል፤ ሸክሙ የከተማው ሁሉ ሆኖ ሳለ ለእነሱ ብቻ ተተወ። ሰው ከችግር ላይ መብላቱና ችግሩ መቃለሉ ሁለት ነገር ነው። ሁለተኛው የድኻው ብልሃት ብቻ የሚወጣው አይደለም፤ የከተማ አስተዳደሩ እጅ አብሮ ሊገባበት ግድ ነው።

የልጅነቴ ሰፈር የለም። በመልሶ ማልማት ፈርሶ ሕንፃ ቆሞበታል፤ ጉቶው የነበረበትን ቦታ ለመገመት ሞክሬ አልቻልኩም። ጋሼ ያረፉት ከመፍረሱ በፊት ነው፤ ዕድሩ ድንኳኑን እሳቸው በጠገኑት ካስማ ተክሎ ቀበራቸው። የቀረው ሰው ተበተነ፤ ገሚሱ ኮንዶሚኒየም ደረሰው፣ ገሚሱ ወደ ከተማ ዳር ወጣ። ሽንት ቤቱ፣ ቧንቧው፣ መብራቱ የተሻለ ሆኗል፤ ያንን ኑሮ ናፍቄ ወደ ኩራዝ እንመለስ የሚል ሰው ቢኖር አልስማማም። የተሰበረው ሌላ ነው። ደንበኛና ሠሪ የሚተዋወቁበት ግድግዳ ወፍሯል፤ እትዬ በወጡበት ዳር ሰፈር የሚያውቃቸው መንገደኛ የለም፣ ዕቁባቸውም ፈርሷል። ሰው ሲነሳ የሚቆጠረው ቤቱ ነው፤ ደጁ ላይ የነበረው ሥራ አይቆጠርም። ይህ ሊታሰብበት ይገባ ነበር፤ አሁንም ሊታሰብበት ይገባል።

ጎዶሎው ግን አልጠፋም፤ አራተኛ ፎቅ ወጥቷል። እኔ በምኖርበት ብሎክ ውሃው ላይ ድረስ የሚመጣበት ቀን ጥቂት ነው፤ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ የሚወጡ ልጆች በዚያ ይተዳደራሉ። በርበሬ ማዘጋጀት ደግሞ ፈተና ሆኗል። ዛላውን የት ታሰጪዋለሽ? በረንዳው ጠባብ፣ ጣሪያው የተዘጋ፣ ከታች ያለው ጎረቤት በብናኙ ያስነጥሳል። ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ጎረቤታችን ደረጃ ላይ እናቶች ስለዚህ ሲያማርሩ ሰምታ የሦስት ቤት በርበሬ ተቀበለች። ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ፣ ከኮረሪማው፣ ከበሶብላው ጋር አስፈጭታ መለሰች። አሁን ከሌሎች ብሎኮችም ይልኩላታል። የቸገራት ማስጫ ቦታ ነው። በየግቢው ለማረጃና ለልብስ ማጠቢያ ተብሎ የተሠራ ኮሙናል አለ፤ የእኛው አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ አሮጌ ወንበር ይከማችበታል።

ኮሙናሉ ለማስጫ ይሰጣት ወይ በሚለው ላይ እሁድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ። የሚቃወሙት ብናኙ ሕፃናትን ይጎዳል ይላሉ፤ እውነት አላቸው። እሷም መልስ አዘጋጅታለች፦ ማስጫውን በወንፊት ሽቦ ልትከልል፣ የደረቀውን ግቢ ውስጥ ሳትነካው ወፍጮ ቤት ልትወስድ። እኔ እናገርላታለሁ። የኮሙናሉ ቁልፍ እንዲሰጣት፣ ኪራዩም የዘንድሮውን በርበሬ አዘጋጅታ እስክትጨርስ እንዲቆይላት እጠይቃለሁ፤ ዕቁብ እንጀምር የሚል ሰው ካለም የመጀመሪያውን ዕጣ ለእሷ እንድንለቅ።